የጭነት መኪናውን ይዞ እራት መሄድ ይቻላል? የአሜሪካው የ«ፒሲ» ህግ በቀላሉ

ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ የመጣ ሾፌር አዘዞ ላይ አራገፈ እንበል። መሽቷል፣ ርቦታል። ወይ ባጃጅ ይዞ ፒያሳ ይወጣል፣ ወይ ያንኑ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። የቱንም ቢያደርግ «ይሄ መንዳትህ ስራ ነው ወይስ እረፍት?» ብሎ የሚይዘው የለም። ቢበዛ ባለንብረቱ ስለ ናፍጣው ያጉረመርም ይሆናል።

ዳላስ ወይም ዴንቨር ያለው የአክስታችሁ ልጅ ግን ይጠየቃል። መኪናውን ከማንቀሳቀሱ በፊት ጋቢና ውስጥ ካለው ስክሪን ላይ አንድ ነገር መርጦ መጫን አለበት። ያለቦታው ከተጫነው ደግሞ መንገድ ላይ ሊቆም፣ መዝገቡም ሊበላሽ ይችላል።

ከጎንደር ወጥቶ አሜሪካ የገባ፣ «ሲዲኤል» የሚሉትን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ረጅም መንገድ የሚነዳ ዘመድ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ዲቪ ደርሷቸው ሻንጣ የሚያዘጋጁ ልጆችም ስለዚሁ ስራ ይጠያይቃሉ። ስለ ገንዘቡ ሁሉም ያወራል። ስለ ሰዓቱ ህግ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ከሰዓቱ ህግ ውስጥ ደግሞ ሰው በጣም የሚምታታበት «ፐርሰናል ኮንቬያንስ»፣ በሾፌሮቹ አፍ «ፒሲ» የሚባለው ነው። ሾፌሩ ከስራ ውጭ በሆነበት ሰዓት የስራ መኪናውን ለግል ጉዳዩ መንዳቱ ማለት ነው።

ፒሲን ለመረዳት መጀመሪያ ሰዓቱን ማወቅ ግድ ነው።

በአሜሪካ ፌዴራል ህግ ጭነት የሚያጓጉዝ ሾፌር 10 ሰዓት ሳያቋርጥ ካረፈ በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት መንዳት ይችላል። እነዚህን 11 ሰዓታት ግን ስራ ከጀመረበት ደቂቃ አንስቶ በሚቆጠር 14 ሰዓት ውስጥ መጨረስ አለበት። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ስራ ከገባ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ መንዳቱ ያበቃል። ይህ 14 ሰዓት እንደ ጧፍ ነው። አንዴ ከበራ፣ አነበባችሁበትም አላነበባችሁበትም ያልቃል። መጋዘን በር ላይ ግማሽ ቀን ተገትሮ ቢጠብቅም፣ ምሳ ቢበላም ይቆጠርበታል። እረፍትን ጋቢና ውስጥ ባለው አልጋ ላይ ለሁለት ከፍሎ የመውሰድ የተለየ አሰራር አለ፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ጽሁፍ ይፈልጋል።

በዚህ ላይ 8 ሰዓት ከነዳ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ከመንዳት ማረፍ አለበት። በሳምንትም ጣሪያ አለው። እንደ ድርጅቱ አሰራር በ7 ቀን 60 ሰዓት ወይም በ8 ቀን 70 ሰዓት ከሰራ መንዳት አይችልም። 34 ሰዓት በተከታታይ ካረፈ ግን ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ድሮ ይህ ሁሉ የሚመዘገበው በወረቀት፣ «ሎግ ቡክ» በሚባል ደብተር ላይ ነበር። እስክሪብቶ ደግሞ ታዛዥ ነው። ከታህሳስ 2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን አብዛኛው ሾፌር ከሞተሩ ጋር የተያያዘ «ኢኤልዲ» የሚባል የኤሌክትሮኒክስ መዝጋቢ እንዲይዝ ግዴታ ሆነ። መኪናው በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ከጀመረ መሳሪያው «እየነዳ ነው» ብሎ ራሱ ይጽፋል። ማባበል የለም።

ችግሩ መሳሪያው መኪናው መንቀሳቀሱን እንጂ ለምን እንደተንቀሳቀሰ አያውቅም። ሾፌሩ ጭነት እያደረሰም ይሁን ሽሮ ፍለጋ እየዞረ ለመሳሪያው ያው ነው። ልዩነቱን የሚነግረው ሾፌሩ ነው፣ ፒሲን መርጦ በመጫን። ያኔ መንዳቱ በእረፍት ሰዓት ስር ይመዘገባል። ከ11ዱ ሰዓት አይቀነስም። የ10 ሰዓቱን እረፍትም አያቋርጥም። 14ቱን ሰዓት ግን አያስቆምም፤ በስራ ቀን መሀል ፒሲ ተጭኖ ለምሳ ቢወጣ ጧፉ መንደዱን ይቀጥላል።

የማይቀነስ መንዳት ሲባል ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ነው ህጉ የተብራራው።

ማብራሪያውን ያወጣው የፌዴራሉ የሞተር ትራንስፖርት ደህንነት መስሪያ ቤት፣ በምህጻሩ ኤፍኤምሲኤስኤ ነው። አሁን የሚሰራበት የወጣው በግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ነው። መነሻው አንድ ነገር ነው፦ ሾፌሩ ከስራና ከስራ ኃላፊነት ሁሉ ነፃ መሆን አለበት። ድርጅቱ «በቃ፣ ዛሬ ጨርሰሃል» ብሎ ለቆታል፤ ከዚያ በኋላ የሚነዳው ለራሱ ነው።

ማብራሪያው ብዙ ምሳሌ ይደረድራል። እኔ ግን ሁሉንም በአንድ ጥያቄ መያዝ ይቻላል ባይ ነኝ፦ ይህ ጉዞ የሚጠቅመው ማንን ነው? ሾፌሩን እንደ ሰው ከጠቀመ ፒሲ ነው። የድርጅቱን ስራ አንድ እርምጃ እንኳ ወደፊት ካራመደ ስራ ነው። ርቀቱም፣ ሰዓቱም፣ መኪናው መጫን አለመጫኑም ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ህጉ የአሜሪካ ቢሆንም የእኛን መንገድ ብናውሰው በደንብ ይገባል። ከመተማ በሸህዲና በአይከል አድርጎ ጎንደር የሚገባውን መንገድ አስቡት።

ሾፌሩ አዘዞ አራግፎ ከስራ ተለቀቀ። መኪናውን ይዞ ፒያሳ እራት ሊበላ ቢወጣ ፒሲ ነው። ከአዘዞ ማራኪ ወዳለው ቤቱ ቢሄድም ፒሲ ነው፤ ከስራ ቦታ ወደ ቤት መመላለስ ይፈቀዳል። ቅድመ ሁኔታው ርቀቱ በቂ እንቅልፍ የሚያስተኛ መሆኑ ነው። እሁድ ቤተክርስቲያን ቢሳለም፣ ወይም የራሱን አልጋና ቁም ሳጥን ከድሮ ቤቱ ወደ አዲሱ ቢያጓጉዝም ያው የግል ጉዳይ ነው።

አሁን ትንሽ እንቀይረው። ጎንደር አራግፎ፣ ሌላ ጭነት ለማምጣት ባዶውን ወደ መተማ ቢመለስስ? ስራ ነው። «ባዶ ነኝ እኮ» ማለት አያዋጣም። ተሳቢውን ፈትቶ በጎታቹ ብቻ ቢሄድም፣ የሚሄደው ሌላ ጭነት ለማንሳት እስከሆነ ድረስ ስራ ነው። መኪናውን ጋራዥ መውሰድም እንደዚሁ። ብዙዎች እዚህ ላይ ይገረማሉ። ግን ጥያቄውን መልሳችሁ ጠይቁ፦ መኪናው ቢጠገን የሚጠቅመው ማንን ነው? ካራገፉ በኋላ ወደ ድርጅቱ ግቢ መመለስም በፒሲ አይሆንም። ከግቢው ወደ ቤት መሄድ ይቻላል፣ ካራገፉበት ወደ ግቢው መሄድ ግን ስራ ነው። ልዩነቱ ቀጭን ነው፣ ግን አለ።

ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ቀጣዩ ነው።

ሾፌሩ ሸህዲ መጋዘን በጠዋት ደረሰ። ጫኞቹ ዘገዩ፣ ወረቀቱ ዘገየ፣ ሚዛኑ ተበላሸ። ጭነቱ ሲያልቅ 14ቱ ሰዓትም አብሮ አለቀ። ጥበቃው መጥቶ «ግቢ ውስጥ ማደር ክልክል ነው፣ ውጣ» አለው። አሜሪካ ውስጥ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። መንዳት አይችልም፣ መቆምም አይችልም። ምን ያድርግ?

ህጉ እዚህ ላይ በር ከፍቶለታል። ጭነት በሚጫንበት ወይም በሚራገፍበት ቦታ ሳለ ሰዓቱ ያለቀበት ሾፌር ቅርብ ወደሆነ፣ ደህና ወደሆነ ማረፊያ በፒሲ መሄድ ይችላል። ሁለት ነገር ግን ይጠበቅበታል። ደርሶ ሙሉ እረፍቱን የሚያርፍበት ጊዜ ሊኖረው ይገባል። የሚያርፍበት ቦታም በአቅራቢያው ሊገኝ ከሚችለው የመጀመሪያው መሆን አለበት። ስለዚህ እዚያው ሸህዲ መኪና የሚያድርበት ቦታ ካለ እዚያው ያድራል። ያንን አልፎ «አይከል ስደርስ እተኛለሁ» ካለ ነገሩ ተገለበጠ። አይከል የተሻለ ሻይ ቤት ሊኖር ይችላል፤ ግን ጭነቱ ወደ ጎንደር ተጠጋ። ነገ ጠዋት ከዚያ ይነሳል፣ ቀድሞ ይደርሳል። ይህ የድርጅቱ ጥቅም ነው። በማብራሪያው ላይ በግልጽ ከተከለከሉት ውስጥ የመጀመሪያው ይኸው ነው፦ ያሉ ማረፊያዎችን እያለፉ ወደሚቀጥለው መጫኛ ወይም ማራገፊያ መቅረብ።

የመጀመሪያው ማረፊያ ሞልቶ ቢሆንስ? አሜሪካ ውስጥ ማታ ማታ የከባድ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ከባድ ነው፣ ልጆቹን ጠይቋቸው። የሞላ ቦታ እንደሌለ ይቆጠራል፣ ሾፌሩም ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ብልጥ ሾፌር ግን ዝም ብሎ አይሄድም። መዝገቡ ላይ አጭር ማስታወሻ ይጽፋል፦ «መጫኛው ቦታ ሰዓቴ አለቀ፣ ከግቢ አስወጡኝ፣ የመጀመሪያው ማቆሚያ ሞልቷል፣ ሁለተኛው ላይ አቆምኩ።» ከሶስት ቀን በኋላ መንገድ ላይ የሚያስቆመው ተቆጣጣሪ የሚያየው ይህንን ነው። ያለዚያ የሚያየው ሰዓቱ ካለቀ በኋላ የተነዳ መንገድ ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ይህ በር የተከፈተው መጫኛ ወይም ማራገፊያ ቦታ ሳለ ሰዓቱ ላለቀበት ሾፌር ነው። አውራ ጎዳና ላይ እየሄደ 11 ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ፒሲ ተጭኖ መቀጠል አይቻልም። ማቆሚያውን አስቀድሞ ማሰብ የሾፌሩ ድርሻ ነው። ሰዓት አሳልፎ በተቆጣጣሪ የታገደ ሾፌርም ማረፊያ ልፈልግ ብሎ በፒሲ መንቀሳቀስ አይችልም። ተቆጣጣሪው ራሱ «ከዚህ አንሳና እዚያ አቁም» ካለው ሌላ ነገር ነው። እንዲያውም በእረፍቱ ላይ ያለ ማንኛውም ሾፌር ፖሊስ ወይም የደህንነት ተቆጣጣሪ መኪናውን እንዲያነሳ ካዘዘው ያ መንዳት ፒሲ ነው።

ስለ ጭነት ደግሞ። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) በፊት የነበረው ማብራሪያ ፒሲ የሚሰራው መኪናው ካልተጫነ ብቻ ነው ይል ነበር። ዛሬም «ተጭኖ ፒሲ የለም» የሚሉ የቆዩ ሾፌሮች ከዚያ የተማሩ ናቸው። ህጉ የተቀየረበት ምክንያት ደስ ይላል። ተሳቢ የሚጎትት ሰው ተሳቢውን ፈትቶ ሊሄድ ይችላል። ጭነቱ እዚያው ሻሲው ላይ ያለበት ሾፌርስ? እሱ እራት አይበላም? ስለዚህ መስፈርቱ ከጭነቱ ወደ ጉዞው ዓላማ ተዛወረ። አሁን መኪናው ሙሉ ቢሆንም እራት መሄድ ይቻላል።

ርቀትስ? በፌዴራሉ ህግ የኪሎ ሜትር ጣሪያ የለም። ይህ ግን «እስከፈለግኩበት» ማለት አይደለም። ከ10 ሰዓት እረፍቱ 6ቱን በፒሲ ሲነዳ ያደረ ሰው ጠዋት መዝገቡ ንጹህ ይሁን እንጂ እሱ ደክሟል። ደክሞ መንዳት ደግሞ ራሱን ችሎ የተከለከለ ነው። ድርጅቶችም የራሳቸውን ገደብ ማውጣት ይችላሉ። አንዳንዱ ፒሲን ጭራሽ ይከለክላል፣ አንዳንዱ የርቀት ጣሪያ ያደርግበታል፣ አንዳንዱ መኪናው ጭነት እያለበት እንዳይሆን ይላል። መንግስት የፈቀደውን ድርጅት ሊያጠብብ ይችላል፣ ሊያሰፋው ግን አይችልም።

ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ካናዳ ሌላ ህግ አላት። እዚያ የግል መንዳት በቀን 75 ኪሎ ሜትር ነው ጣሪያው፣ መኪናው መራገፍ አለበት፣ ተሳቢውም መፈታት አለበት። ድንበር የሚሻገር ሾፌር አሜሪካ የለመደውን ይዞ ካናዳ ቢገባ ይቀጣል።

ፒሲ የማይነካቸው ነገሮችም አሉ። ሾፌሩ ከስራ ውጭ ቢሆንም መኪናው ያው ከባድ መኪና ነው። መንገድ ላይ ሊያስቆሙት፣ ሊፈትሹት ይችላሉ። መጠጥ ላይ ህጉ ጥብቅ ነው። ስራ ከመግባቱ ወይም መኪናውን ከመንዳቱ በፊት ባሉት 4 ሰዓታት ውስጥ ምንም አልኮል መቅመስ አይችልም። «እራት ላይ አንድ ዳሽን» እዚህ ጎንደር ቀላል ነገር ነው። እዚያ ግን በመኪናው መጥቶ በመኪናው ለሚመለስ ሰው አይሆንም። ከዘመድ ቤት የተሰጠውን አንድ ጠርሙስ አረቄ ጋቢና ውስጥ ይዞ መንዳትም ክልክል ነው፣ ባይጠጣውም። ጓደኛን ጋቢና አስቀምጦ መሄድም የድርጅቱን የጽሁፍ ፈቃድ ይፈልጋል። እኛ ጋር ጋቢና ለእንግዳ ነው፤ እነሱ ጋር ለወረቀት ነው።

የት እንደሄደ ድርጅቱ ያያል ወይ ለሚለው፣ ፒሲ ሲጫን መሳሪያው ቦታውን በግምት ብቻ ነው የሚመዘግበው፣ በ16 ኪሎ ሜትር ገደማ ዙሪያ። ለሾፌሩ ግላዊነት ተብሎ የተደረገ ነው። ስንት እንደነዳና መቼ እንደነዳ ግን ይታያል። ፒሲን አላግባብ የተጠቀመ ሾፌር የሚከሰሰው የሀሰት መዝገብ በመያዝ ነው፣ ይህም በሾፌሩም በድርጅቱም የደህንነት ታሪክ ላይ ይቀመጣል።

ሌላው የሚረሳ ነገር መድን ነው። የራሱን መኪና ገዝቶ በሌላ ድርጅት ስም የሚሰራ ሾፌር፣ የድርጅቱ መድን የሚሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ ለድርጅቱ ሲሰራ ብቻ ነው። ከስራ ውጭ ለሚነዳበት ጊዜ ሌላ መድን ይገዛል። መዝገቡ ላይ «ፒሲ» መጻፉ የመድን ኩባንያውን አያስገድደውም። ኩባንያው የሚያየው የራሱን ውል ነው፣ በዚያ ውል ላይ «የግል ጉዞ» የሚባለው ደግሞ ከኤፍኤምሲኤስኤው ሊለይ ይችላል። አደጋ ከደረሰ በኋላ ከመከራከር ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ይሻላል።

እኛ ሀገር ይህ ጉዳይ የሚነሳው በሰዓት ሳይሆን በካሳ በኩል ነው። የሰዓት ጣሪያማ አለ፤ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የስራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 2081 ደግሞ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ ይጠየቃል ይላል፤ መኪናውን ያልተፈቀደለት ሰው እየነዳውም ቢሆን። በዚህ አንቀጽ ባለንብረቱ የሚያመልጠው በዚያን ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ስለዚህ ሾፌራችሁ ቅዳሜ ማታ ሲኖትራኩን ይዞ ሰርግ ቢሄድና አንድ ነገር ቢፈጠር፣ «በግል ጊዜው ነው የነዳው» የሚለው መልስ ለተጎጂው ወገን በቂ አይሆንም። ጎንደር ውስጥ መኪና አሰማርታችሁ የምታሰሩ ይህንን ከሾፌራችሁ ጋር በጊዜ ብትነጋገሩበት ጥሩ ነው።

ወደ አሜሪካ ለሚሄዱት አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ስራ ስትቀጠሩ የድርጅቱን የፒሲ ደንብ በጽሁፍ ጠይቁ፦ ይፈቀዳል ወይ፣ እስከ ስንት ርቀት፣ መኪናው ጭነት እያለበትስ? የቃል መልስ ይዛችሁ አትውጡ። ከዚያ አንድ ማታ ዲስፓቸሩ፣ ማለትም ጭነት የሚመድብላችሁ የድርጅቱ ሰው፣ ይደውላል። ሰዓታችሁ አልቋል፣ ጭነቱ ግን ጠዋት መድረስ አለበት። «ፒሲ ተጫንና ትንሽ ጠጋ በል» ይላችኋል። ያዘዛችሁ ድርጅቱ ከሆነ፣ ትዕዛዙ ራሱ ጉዞው የግል አለመሆኑን ይመሰክራል። መዝገቡ ላይ ያለው የእናንተ ስም ነው፣ የእሱ አይደለም። እምቢ በሉ፣ ከተቻለም መልሱን በቴክስት አድርጉት። ካስፈራራችሁም ሾፌርን የሰዓት ህግ እንዲጥስ ማስገደድ ከጥር 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በደንብ የተከለከለ ነው። አቤቱታው ለኤፍኤምሲኤስኤ በ90 ቀን ውስጥ በጽሁፍ መቅረብ አለበት፣ ያ የቴክስት መልእክትም አብሮ ይያያዛል።